ድምፁ የሚቆራረጥ የቤዝ አምፕሊፋየር፦ ማስጠገን፣ መለወጥ ወይስ ያለ እርሱ መጫወት?

የቤዝ አምፕሊፋየር ጨርሶ ሲበላሽ ውሳኔው ቀላል ነው። አስቸጋሪው አንዴ ደኅና እየሠራ ሌላ ጊዜ ድምፁ የሚጠፋው ነው፤ ጠጋኙ ዘንድ ሲደርስ ጤነኛ ይሆናል፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ያመዋል። ባለቤቱም ይሰለችና በርካሽ ይሸጠዋል፤ በምትኩ ሌላ ሲገዛ የሚያወዳድረው ዋት ብቻ ነው። እኔ ግን ከዋቱ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ እላለሁ፦ ይህ ዕቃ ነገ ድምፁ ሲቆራረጥ ችግሩን ማን ያገኘዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል?

ከመወሰን በፊት

አክቲቭ ቤዝ (በውስጡ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ያለበት ቤዝ ጊታር) ያለው ሰው በ9 ቮልት ባትሪው ይጀምር። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይሻክራል፣ ይሳሳል፣ ከዚያም ይጠፋል። በአብዛኞቹ አክቲቭ ቤዞች ባትሪው ሥራ የሚጀምረው ኬብሉ ሲሰካ ስለሆነ፣ ኬብሉን ሳይነቅል የሚያድር ተጫዋች ባትሪውን በከንቱ እየጨረሰ ነው። ባትሪና ኬብል ለውጦ ያልሞከረ ሰው ስለ አዲስ አምፕሊፋየር ገና ማውራት የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሙከራ ብዙዎች የማያውቁት፣ ብዙ አምፕሊፋየሮችን ግን ከሽያጭ ሊያድን የሚችል ነው። ከኋላ በኩል «ሴንድ» እና «ሪተርን» የሚባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ አጭር የጊታር ኬብል ወስደው ሁለቱን ያገናኙ። ምንም ባልተሰካ ጊዜ ድምፁ ከፕሪአምፑ (ድምፁን ከሚቀርጸው የመጀመሪያ ክፍል) ወደ ፓወር አምፑ (ስፒከሩን ወደሚነዳው የኃይል ክፍል) የሚሻገረው በ«ሪተርን» ጃክ፣ ማለትም በቀዳዳው፣ ውስጥ ባለች ትንሽ የብረት ምላስ ነው። ለዓመታት ምንም ሳይሰካበት የኖረ ጃክ አቧራና እርጥበት ይዞት ምላሷ ትቆሽሻለች፤ ድምፁም አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ኬብሉ ሲገባ ድምፁ ከጸና ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። መፍትሔው ለኤሌክትሪክ መገናኛዎች ተብሎ የተሠራ የሚረጭ ማጽጃና ኬብሉን በጃኩ ደጋግሞ መሰካትና መንቀል ነው። ተራ የዝገት ዘይት አይርጩበት፤ ለጊዜው ያሠራና ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል። ማጽጃ እስኪገኝ ድረስ ያችው አጭር ኬብል ተሰክታ ሥራ መቀጠል ይቻላል።

ሌላው ጠቃሚ ሙከራ በ«ዲ አይ» መውጫው፣ ማለትም ድምፁን በቀጥታ ወደ ሚክሰር በሚልከው ቀዳዳ፣ በኩል ነው። ስፒከሩ ዝም ሲል ወደ ሚክሰር የሚሄደው ድምፅ ከቀጠለ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከፕሪአምፑ በኋላ ነው፦ ፓወር አምፑ፣ የስፒከር ኬብሉ፣ ወይም ራሱ ስፒከሩ። አንድ ክር ጠንከር አድርገው ሲመቱ ድምፁ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የቆሸሸ ጃክ ወይም የስፒከር ሪሌ (ስፒከሩን የሚያገናኝና የሚለይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ይጠረጠራል። ከጥቂት ደቂቃዎች ጨዋታ በኋላ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚመለሰውስ? ማራገቢያው መዞሩን ይመልከቱ፤ የስፒከር ሳጥኖቹንም ይቁጠሩ። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መቋቋም መለኪያ ነው፤ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ይበልጥ ይደክማል። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች በትይዩ ሲገናኙ 4 ኦም፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ሲገናኙ ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ። ብዙ አምፕሊፋየሮች ከ4 ኦም በታች አይችሉም፤ ራሳቸውን ለማዳን ሲዘጉ «ተበላሸ» ይባላሉ።

ጃክ፣ ሪሌ፣ ማራገቢያ ወይም የለቀቀ ብየዳ ከሆነ ማስጠገን ከመግዛት ይሻላል፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። ንጽጽሩ ትርጉም የሚኖረው ትራንስፎርመሩ ወይም ዋናው ቦርድ ሲቃጠል፣ አለበለዚያም ሁለተኛ ዕቃ ሲፈለግ ነው።

ቫልቭ፣ ትራንዚስተር ወይስ ክላስ ዲ?

ቫልቭ (እንደ አምፖል የሚግል የመስታወት ማጉያ) የሚወዱ ሰዎች በ1969 የወጣውን አምፔግ ኤስ ቪ ቲ ሳያነሱ አያልፉም፤ እውነትም 300 ዋቱ አዳራሽ ይሞላል። ነገር ግን ራሱ ብቻ፣ ያለ ሳጥኑ፣ ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቫልቮቹና ሶኬቶቻቸው በሙቀትና በንዝረት ይላላሉ፣ ይቆሽሻሉ፤ የሚቆራረጥ ድምፅ ለዚህ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። ጥሩው ነገር ችግሩ በዓይንና በእጅ የሚገኝ መሆኑ ነው። መጥፎው፣ ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ ገዳይ ቮልቴጅ ስለሚያቆይ ለጀማሪ እጅ አይሆንም፤ ያለ ስፒከር ከተነዳ ደግሞ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። የቫልቭ ለውጥ የሚያውቅ ባለሙያ አጠገቡ ለሌለው ሰው አልመክረውም።

የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ከባድ ነው፣ መልኩም አያምርም፤ ለእኔ ግን ለአዳራሽ ምርጫው እርሱ ነው። ለምሳሌ ሃርትኪ ኤች ኤ 3500 በ4 ኦም 350 ዋት ይሰጣል፤ በፕሪአምፑ አንድ ቫልቭ ቢኖረውም የፓወር አምፑ ሥራ የትራንዚስተር ነው። በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ውስጥ ያሉት ክፍሎች በአብዛኛው ትልልቅ ናቸው፣ በተራ ብየዳ ይነሣሉ፣ ይተካሉ። ቴፕና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ብልህ ባለሙያ መንገዱን አያጣውም። ሁለተኛ እጅ ሲገዛ የሚያዋጣውም ይኸው ነው።

ክላስ ዲ የሚባለው፣ ትራንዚስተሮቹ በከፍተኛ ፍጥነት እየበሩና እየጠፉ የሚሠሩበት አዲሱ ወገን ክብደትን ድል አድርጓል። ትሬስ ኤሊየት ኤልፍ ከአንድ ኪሎ በታች ሆኖ 200 ዋት ያወጣል፤ በቤዙ ቦርሳ ኪስ ይገባል። በታክሲ ለሚመላለስ፣ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሠርግ ለሚሠራ ተጫዋች ሌላ ምን ይባላል? ነገር ግን ብዙዎቹ ክፍሎቹ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ናቸው፤ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚጠገነው ቦርዱን በሙሉ በመለወጥ ነው። ቦርዱ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የሚጠበቀው ሻንጣ ውስጥ ቦታ ያለው ዘመድ ነው። ስለዚህ ክላስ ዲን አዲስ፣ ከነዋስትናው ይግዙ፤ የሚቆራረጥ ሁለተኛ እጅ ክላስ ዲ ግን የቱንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።

ስፒከርና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን የሆነበትን ኮምቦ በተመለከተ፣ ለልምምድ ይመቻል። ነገር ግን የስፒከሩ ንዝረት ሁሉ የሚያርፈው በዚያው ቦርድ ላይ ነው፤ ለዓመታት የተንቀጠቀጠ ብየዳ ይለቃል። ለየብቻ ከሆኑ አንዱ ሲታመም ሌላውን ተውሶ መጫወት ይቻላል።

ከአሜሪካ ለሚያስመጣ

የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው፤ በአሜሪካ የተገዛ ዕቃ ደግሞ 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። ዘመድ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የኋላውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክ። «100–240» ካለ እሰየው፤ ክላስ ዲ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ካስፈለገ አቅሙ ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ በደንብ መብለጥ አለበት፤ ካነሰ ከባድ ኖታ በተመታ ቁጥር ድምፁ ይወርዳል፣ ገዢውም ያልታመመውን አምፕሊፋየር ያስከፍታል።

ሁለተኛ እጅ ሲፈተሽ

የራስዎን ቤዝና ኬብል ይዘው ይሂዱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያጠፉ ይጫወቱ፤ ብዙ ሕመም የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርገው ይጫወቱ፣ ከዚያ በኃይል ይምቱ። የተሰካውን የኬብል ጫፍ ያወዛውዙ፣ ማዞሪያዎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፣ ሳጥኑን በመዳፍዎ መታ መታ ያድርጉ። ድምፁ ሲቆራረጥ ሻጩ «ኬብሉ ነው» ካለ ኬብል ያምጣና ያሳይ። «ሴንድ» እና «ሪተርን»ን በምታገናኘው አጭር ኬብል ከዳነ ግን ፊትዎን ሳይለውጡ ዋጋ ይቀንሱ፤ ጥሩ ዕቃ በርካሽ የሚገኘው እንዲህ ነው።

ዝግጅቱ የፊታችን እሑድ ከሆነና አምፕሊፋየሩ ካልታመነ፣ ዲ አይ ቦክስ (የቤዙን ድምፅ ለሚክሰር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) ተውሰው ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ያስገቡ። መድረኩ ላይ ቤዙ ከሞኒተር (ወደ ተጫዋቾቹ ከዞረው ስፒከር) ብቻ ስለሚሰማ፣ የድምፅ ባለሙያው በሞኒተሩ ውስጥ ከፍ እንዲያደርግልዎ ከልምምዱ በፊት ይንገሩት።