የሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር፦ የአገልግሎቱ ግምገማ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ፣ ለገበሬው የማሳው ዋጋ በአብዛኛው በይዞታ ዋስትናው ላይ የቆመ ነው፤ ለገበሬው የሁለተኛ ደረጃ ደብተር የመስጠቱ አገልግሎትም በዚሁ ሊመዘን ይገባል። የመጀመሪያ ደረጃው ደብተር አዋሳኞችን በስም ብቻ ሲጠቅስ፣ ሁለተኛው ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ ተመሥርቶ የእያንዳንዱን ማሳ ወሰን በካርታ ስለሚያሳይ፣ የድንበር ክርክርን ለመዳኘት እጅግ ይረዳል። የባልና የሚስት ስም አብሮ መስፈሩ ግን በእኔ ግምት ከካርታውም ይበልጣል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዘመድ ማሳዋን ሊነጥቃት ሲመጣ የምታቀርበው ማስረጃ እርሱ ነውና። ድክመቱ ከምዝገባው በኋላ ይታያል፤ ውርስና ስጦታ በወረዳው መዝገብ በጊዜው ካልሰፈሩ፣ ካርታው ትክክል ሆኖ ሳለ የባለይዞታው ስም የሟች ሆኖ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ስለሚፈቅድ፣ ወራሾች ስም ማዛወሩን ሳያዘገዩ እንዲፈጽሙ አጥብቄ እመክራለሁ።