ሄቪ ሜታል ከኦርኬስትራ ጋር ወይስ ከአትሞስፌሪክ ድምፅ ጋር?

ጅማ ውስጥ ሄቪ ሜታልን (በከባድ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚታወቀውን የሮክ ዘርፍ) ከሌላ ስልት ጋር ማዋሐድ ለሚሻ ጊታሪስት ሁለት መንገዶች አሉ፤ ከኦርኬስትራ ጋር የሚዋሐደው ሲምፎኒክ ሜታልና በረዣዥም፣ በተደራረቡ የኪቦርድ ድምፆች ድባብ የሚፈጥረው አትሞስፌሪክ ሜታል።

ግርማ ያለው የመጀመሪያው ነው። የሮክ ባንዱ ዲፕ ፐርፕል እ.ኤ.አ. በ1969 ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር፣ የሜታል ባንዱ ሜታሊካም በ1999 በማይክል ኬመን መሪነት ከሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ ጋር ተጫውተዋል። ይሁንና ከወጪው በላይ የሚከብደው የድምፅ ሽሚያው ነው፤ የዲስቶርሽን ጊታር (ድምፁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ ጊታር) መካከለኛውን የድምፅ እርከን ስለሚሞላው፣ አቀናባሪው ጊታሩን ካላሳሳ ወይም ቫዮሊኖቹን ወደ ላይ ካላወጣ ቼሎውና ቪዮላው ተውጠው ይቀራሉ። ኦርኬስትራውን በኪቦርድ መተካት ይቻላል፤ ለእኔ ጆሮ ግን ቅጂነቱ ቶሎ ይታወቃል።

አትሞስፌሪኩ ጥቂት ሰው ይበቃዋል፤ የኦስትሪያው ባንድ ሰመኒንግ ለረጅም ዓመታት የሠራው በሁለት አባላት፣ በኪቦርድና በተቀነባበረ ከበሮ ነው። ኪቦርድ በገመድ በቀጥታ ስለሚቀዳ፣ የጅማ ክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያወርደው ዝናብ አያውከውም (ቫዮሊን በማይክሮፎን ለሚቀዳ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም)። ከሁሉም በላይ ከቅኝቶቻችን ጋር መስማማቱን እወድለታለሁ፦ ትዝታ ሜጀር ግማሽ ድምፅ (በሁለት ኖታዎች መካከል ያለው በጣም ጠባብ ርቀት) ስለሌለው፣ ረዣዥም ኖታዎች በገደል ማሚቶ ሲደራረቡ አይጋጩም። አንቺሆዬ ግን ግማሽ ድምፆች ስላሉት በዚያው መንገድ ሲደራረብ ይሻክራል፤ ሻካራነቱን ለሚፈልግ ሜታል ተጫዋች ደግሞ ይህ ጉድለት ላይሆን ይችላል።