በመሀል አዲስ አበባ፣ በአንድ የቆየ ሆቴል አራት ሌሊት

ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ መመላለስ ከጀመርኩ ዐሥር ዓመት አልፎኛል። የምሠራበት ድርጅት ለዱቄት ፋብሪካዎች መለዋወጫ የሚያስመጣ በመሆኑ ጉዳዬ በአብዛኛው ከባንክ ጋር ነው፤ የኤልሲ (ባንክ ለውጭ አገር ዕቃ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሰነድ ማስገባት፣ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ መከታተል፣ የጎደለች አንዲት ፊርማ ማሟላት። ስለዚህም ሁልጊዜ የማርፈው ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ባለው አካባቢ ነው። ባለፈው ኅዳር ከ16 እስከ 20 ያደርኩበት ሆቴል በዚሁ አካባቢ ካሉት የቆዩና ዋጋቸው መካከለኛ ከሆኑ ሆቴሎች አንዱ ሲሆን፣ ደንበኞቹም እንደ እኔ ያሉ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ለሥልጠና ከየክልሉ የሚመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ስሙን አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የማነሣቸውን ጉድለቶች ለአስተዳደሩ በቃልም በጽሑፍም አቅርቤ እድሳት ከላይኛው ፎቅ መጀመሩን ስለነገሩኝ፣ ጊዜ ልሰጣቸው ወድጃለሁ። ደግሞም የምለው ነገር በዕድሜ አቻዎቹ ለሆኑት ብዙ ሆቴሎች ይሠራል።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ጉዳይ ጨረስኩ ማለት ምን ያህል ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ቦሌ ወይም ሲኤምሲ አድሮ ጠዋት ወደ መሀል ከተማ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ጉዳይ መንገድ ላይ ትቶት ይመጣል። ከዚህ ሆቴል ግን ብሔራዊ ባንክና ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ እንዲሁም በሰንጋ ተራ ዙሪያ የተሰለፉት የግል ባንኮች ፎቆች ሁሉ በእግር ይደረስባቸዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሁለቱ መስመሮቹ በአንድ ሐዲድ የሚያልፉት በዚሁ በስታዲየም፣ በለገሃርና በሜክሲኮ በኩል ስለሆነ፣ ከሰው ግፊያ ጋር የማይጣላ እንግዳ ወደ አያትም ወደ ቃሊቲም ለመሄድ መኪና መለመን የለበትም። እኔ ግፊያውን ስለማልችለው በአብዛኛው በእግሬ ነው የምሄደው፤ የእግረኛ መንገዱ ከድሮው ይልቅ የተመቸ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሆቴሉ ቦታ ለቀን የሚሰጠውን ጥቅም ያህል ሌሊት ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ በዋናው መንገድ በኩል ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ሳይሞላ የሚኒባስ ረዳቶች ጥሪ ይጀምራል፤ ጥሪው ሲበርድ የከባድ መኪና ሞተር ይተካዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ በየተራ ይደርሳል። ይህኛው ያደግኩበት ድምፅ ስለሆነ እንቅልፌን አይወስደውም። የሚወስደው የመኪና ጡሩንባ ነው። ሻንጣዬን ተሸክመውልኝ የወጡት አዛውንት ሠራተኛ ይህን ገና አሳንሰሩ ውስጥ ሳለን ነግረውኝ ነበር፤ «ወንድሜ፣ የዛሬን ይደሩበትና ነገ በጠዋት ከመንገድ ዞር ያለ ክፍል ይስጡኝ ይበሉ፤ ካልጠየቁ አይሰጡም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ አሁኑኑ ብጠይቅስ?» ስላቸው፣ የኋላ ክፍሎቹ በሠልጣኞች መያዛቸውንና በማግስቱ እንደሚለቀቁ ከእንግዳ መቀበያው ይልቅ እሳቸው አጥርተው አስረዱኝ። እንዳሉትም በማግስቱ አራተኛ ፎቅ በጀርባ በኩል ተሰጠኝ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያረፍኩበት ሆቴል ሌላ ሆቴል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለዚህች የኋላ ክፍል ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም አዳዲሶቹ የመስታወት ሆቴሎች የማይሰጡት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ሰፊ ነው። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ የጎረቤት ስልክ ወሬ አይሰማም፤ ወለሉ የተወለወለ ፓርኬ ነው፤ ቁም ሣጥኑ ሙሉ ልብስ ሳይታጠፍ የሚሰቀልበት ነው፤ ጠረጴዛውም ሦስት ፋይል ዘርግተው የሚሠሩበት እውነተኛ የጽሕፈት ጠረጴዛ እንጂ ለላፕቶፕ ብቻ የምትበቃ ጣውላ አይደለም። ከሁሉ በላይ መስኮቱ ይከፈታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ ውስጥ መስኮቱ የማይከፈት ፎቅ ሠርቶ አየር በማሽን ማቀዝቀዝ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የኅዳር ሌሊት ግን ይበርዳል። የተሰጠኝ አንድ ብርድ ልብስ ስላልበቃኝ ሌላ ጠይቄ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ መጣልኝ፤ ንጹሕ ነበር፤ አንሶላውም በየቀኑ ተቀይሯል። በአንጻሩ የኮሪደሩ ምንጣፍ ዕድሜውን ጨርሷል። የቆየ አቧራ ሽታ ስላለው አስም ያለበት ሰው ከመያዙ በፊት ቢያስብበት ይሻለዋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት ሁለት ብቻ ሲሆን አንደኛው ከፍሪጁ ጀርባ ነው፤ ስልክና ላፕቶፕ አብሮ ቻርጅ ለማድረግ ፍሪጁን መንቀል ነበረብኝ። ስለ ቴሌቪዥኑ የምለው የለኝም፤ ይሠራል።

ትልቁ ቅሬታዬ ውኃ ነው። በአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ በብዙ ሰፈር በፈረቃ እንደሚመጣ የታወቀ ስለሆነ፣ ሆቴሎች ሁሉ ጣሪያቸው ላይ ሮቶ ደርድረው ይኖራሉ፤ ይህኛውም እንዲሁ ነው። ችግሩ ያለው ከሮቶው በታች ነው። ሕንፃው ሲሠራ የተዘረጋው ቧንቧ ሳይቀየር በላዩ ላይ አዳዲስ የገላ መታጠቢያ ዕቃ ስለተገጠመለት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንግዳው ሁሉ በአንድነት ሲከፍት የሚወርደው ውኃ ቡና ከጀበና የሚቀዳ ይመስላል። ማሞቂያው በየክፍሉ ያለ የኤሌክትሪክ ቦይለር ሲሆን ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ነው፤ ለመሞቅም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ይህን ማንም ስላልነገረኝ በመጀመሪያው ጠዋት በቀዝቃዛ ታጠብኩ፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ ቢለጥፉ በቂ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ቢነሣም፣ የውኃ መግፊያው ሞተር ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም ኖሮ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ጭራሽ ደረቀ። ደውዬ ስናገር ግን ሰበብ አልደረደሩልኝም። የፎቁ ጽዳት ሠራተኛ ከወጥ ቤት የፈላ ውኃ በባልዲ፣ ቀዝቃዛውን በሌላ ባልዲ፣ ከነመጥለቂያው ይዛ መጥታ «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ጣሳውን አሁን አጥቤዋለሁ» አለችኝ። ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ውስጥ በባልዲ መታጠብ ተገቢ አይደለም፤ ይህን በጽሑፍ አስታውቄያለሁ። ነገር ግን ከዚህ በሚበልጥ ዋጋ ባደርኩበት ሌላ ሆቴል ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኝ መልስ የሚሰጠኝ ሰው እንኳ አጥቼ እንደነበር ሳስብ፣ ባልዲዋን በክፉ አላነሣትም።

ጄኔሬተሩ የሚነሣው መብራት ከጠፋ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፤ አሳንሰር ውስጥ ላለ ሰው ግን ያች ደቂቃ ረጅም ናት። ከሁለቱ አሳንሰሮች የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ጉልበት ያለው እንግዳ ደረጃውን ቢለምድ ይሻለዋል። ዋይፋዩ በእንግዳ መቀበያው አካባቢ ጥሩ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ኢሜይል ከመክፈት አያልፍም። የተቃኘ ሰነድ ለመላክ የስልኬን ዳታ ተጠቅሜያለሁ።

እንዲህ ያለው ሆቴል የሚኖረው ከአልጋው ይልቅ በስብሰባ አዳራሹ ነው። ባረፍኩባቸው ቀናት ሁለት ሥልጠናዎች በአንድ ጊዜ ይካሄዱ ነበር፤ ጠዋት 4 ሰዓት ከ30 ላይ የሻይ ዕረፍት ሲወጡ እንግዳ መቀበያው የገበያ ቀን ይመስላል፤ ወንበር አይገኝም፤ የውሎ አበል ፊርማ የሚያስፈርመው ሰው ዙሪያም የተሰበሰበው ሰልፍ እስከ በሩ ይደርሳል። ይህን የምለው በሠልጣኞቹ ለመቀለድ አይደለም፤ እኔም በዚያ ሰልፍ ቆሜ አውቃለሁ። ለአዳሪው እንግዳ ግን በተለይ ለቁርስ ሰዓት ማወቅ ያስፈልገዋል። ቁርስ ከ12 ሰዓት ከ30 ጀምሮ ይቀርባል፤ ሠልጣኞቹ በአንድነት የሚወርዱት 1 ሰዓት ከ30 ገደማ ነው። ከ1 ሰዓት በፊት የወረደ ሰው በወግ ይበላል፤ ዘግይቶ የወረደ የቀረውን ይበላል።

ወጥ ቤቱን ግን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለገባ የጾሙና የፍስኩ ምግብ በተለያየ ጠረጴዛ፣ በተለያየ ማንኪያና ጭልፋ ቀርቦ ነበር፤ አንዳንድ ሆቴል እንቁላል የነካውን ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ሲከት ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጾሙ በኩል የነበረው ቅንጬ በዘይት የተሠራ ቢሆንም ጣዕሙ አልጎደለም፤ ፍርፍሩ በርበሬው ያልተቆጠበበት ነው፤ ሱፍ ፍትፍት ደግሞ በሆቴል ቁርስ ላይ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። በወተት ፋንታ ስፕሪስ አዘዝኩ፤ ሻዩና ቡናው ሳይደባለቅ ተለይቶ መጣ፤ እንዲህ አድርጎ የሚቀዳ እጅ ድሮ የሠለጠነ እጅ ነው። ለእራት የበላሁት ስፓጌቲ በአትክልትም በመሀል ከተማ የቆዩ ቤቶች ከጣሊያን ወጥ ቤት የወረሱትን ወግ የጠበቀ ነበር፤ አልተንቦጫረቀም፣ ድልሁም አልከበደውም። በፍስኩ ጠረጴዛ የነበረውን አልቀመስኩምና አልፈርድም።

ወደ ዋጋው ልመለስ። በስልክ የተነገረኝ ዋጋ ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 3,900 ብር ነበር። ብር ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት እዚሁ አካባቢ ለተመሳሳይ ክፍል የምከፍለው ከዚህ ብዙ ያነሰ ስለነበር ቁጥሩ አላስደነቀኝም፤ ያስደነቀኝ ሒሳቡ ሲመጣ ነው። በዋጋው ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ ከዚያም በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል፤ ስለዚህ 3,900 የተባለው አንድ ሌሊት 4,933 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ፤ አራቱ ሌሊት ደግሞ 19,734 ብር። ሕገ ወጥ ነገር የለበትም፤ ብዙ ሆቴል እንዲሁ ያደርጋል። ሆኖም በስልክ ዋጋ ሲጠየቅ ሙሉውን አለመናገር ለእንግዳው ክብር አይደለም፤ የአበል ልኩ ለተቆረጠለት የመንግሥት ሠራተኛማ ልዩነቱ ከኪሱ የሚወጣ ነው። «ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ የእንግዳው ሥራ መሆን አልነበረበትም። ክፍያውን በቴሌብር ፈጸምኩ፤ የድርጅቱ ቲን ቁጥር ያለበት ደረሰኝና የሒሳቡ ዝርዝር ያለበት አባሪው (አታችመንቱ) ሳልለምን ተሰጠኝ፤ ለሂሳብ ሹም መልስ መስጠት ያለበት ሰው ይህን ከመዋኛ ገንዳ ይልቅ ይወደዋል። ገንዳ ለማንኛውም የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጨረሻው ሌሊት የኮምቦልቻ አውቶቡስ ሳይነጋ ስለሚነሣ 10 ሰዓት ላይ እንዲቀሰቅሱኝ ለእንግዳ ተቀባይዋ ነገርኳት። «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» አለችኝ። በአማርኛ ጠይቄያት ይህን ማለቷ አስገርሞኝ ምክንያቱን ብጠይቃት፣ ከውጭ አገር ኖረው የሚመጡ እንግዶች በአማርኛ ተናግረው ሰዓቱን ግን በፈረንጅ ስለሚቆጥሩ፣ አንድ ጊዜ አንዱን ከአውሮፕላኑ እንዳስቀሩት ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳይጠይቁ አይጽፉም። ስልኩ በትክክል 10 ሰዓት ላይ ጮኸ። ቦይለሩን ማታ አብርቼው ስለነበር ውኃው ሞቅ ብሎ ጠበቀኝ። ቁርስ ያልበላሁ መሆኔን አስበው ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤና ሁለት ሙዝ በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠውልኛል፤ ሻንጣዬን ያወረዱትም እነዚያው አዛውንት ነበሩ።

ለጥር ሁለት ሌሊት ይዣለሁ። ዋጋውን ሁሉን ጨምሮ አስነግሬያለሁ፤ በጀርባ በኩል ያለችውን ያችኑ የአራተኛ ፎቅ ክፍል በቁጥሯ አስጽፌያለሁ፤ የሶኬት ማከፋፈያ ደግሞ ከቤቴ ይዤ እሄዳለሁ።