የቱቦ መክፈቻው ስቡን በላው፣ ክዳኑ ግን አናደደኝ

ቤቴ ውስጥ ዶሮ ወጥ በትዕዛዝ እሠራለሁ። ያ ሁሉ ቅቤና ዘይት በዕቃ ማጠቢያው ስለሚወርድ ቱቦው መዘጋቱ አይቀርም። ቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ ከማጠቢያው ሥር ያለውን ጥምዝ ቱቦ (ሲፎኑን) ይፈታል፣ የረጋውን ስብ ይጠርጋል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሰሞኑን ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል ገዛሁ።

ባለሱቁ «እትዬ፣ የሽንት ቤቱ አሲድ ይሻልሻል፣ ሁሉንም ይበላል» ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ ይበላል፤ የሚበላው ግን ብረትና የውሃ ነጭ ቅርፊት ነው። ስብን እምብዛም አይነካውም።

የገዛሁት ነጫጭ ፍሬ ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ስብርባሪ ጣል ጣል ብሎበታል። ነጩ ኮስቲክ ሶዳ፣ የሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም ነው። ሶዳው ውሃ ሲነካው ራሱ ይግላል። አሉሚኒየሙን ሲያገኝ ደግሞ ይበላዋል፤ ሙቀቱ ይብሳል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ሙቀቱ ቅቤውን ያቀልጠዋል፣ አረፋው ይነቀንቀዋል፣ ሶዳው ደግሞ ስቡን ሳሙና ያደርገዋል። ሳሙና ድሮም የሚሠራው ከስብና ከሶዳ አይደል? ማታ ጨመርኩት፣ ሳህን ሳጥብ ውሃው ሽው ብሎ ወረደ። በስብ ላይ ሙሉ ማርክ ሰጥቼዋለሁ። ልጄ የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ ውስጥ የከተተችው የውሃ ጠርሙስ ክዳን ላይ ግን ምንም አላመጣም፤ ፕላስቲክ ነዋ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የመክፈቻው ጠርሙስ ላይ በአማርኛ የተጻፈው «ከሕፃናት ያርቁ» የምትል መስመር ብቻ ናት። ሃይድሮጅን እሳት የሚይዝ ጋዝ ሆኖ ሳለ ምድጃ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ የሚል የለም። ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ፣ በሙቅ ውሃ ይፈናጠራል የሚልም የለም። የማይዝግ ብረት የሆነውን ማጠቢያዬን አልነካውም፤ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ቢበጠበጥ ግን ድስቱን ይበሳዋል። ዚንክ የተቀባ የድሮ ቱቦም ይጎዳል። የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ሲበዛ ደግሞ ሙቀቱ ያለሰልሰዋል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘማ በኃይል ይፈላል። ስለ ጓንትና መነጽር አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እኮ ሊያሳውር የሚችል ነገር ነው! ቆዳ ላይ ሲያርፍ የሚያሙለጨልጨው የራሳችንን ስብ ሳሙና እያደረገ ስለሆነ ነው። ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ የመክፈቻው ጠርሙስ ክዳን ነው። ግጥም አይልም። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ የተረፈኝ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። አሁን አፉ ሰፊና ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ለይቼ፣ ላዩ ላይ በትልቁ ጽፌበት፣ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ስትገዙ ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጉት። ካልተንኮሻኮሸ ሱቅ ውስጥ እያለ ደርቋልና መልሱለት።