«አብሽር ኢንጅነር» ካሏችሁ ትራይፖዱን አንሱት

ይሄን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከበረደ አልጽፈውም፤ አፍሬ ዝም እላለሁ። የሙያ ሰው ሆኖ በሙያው መበላት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ሰርቬየር ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ሌቭል (የቦታዎችን የከፍታ ልዩነት የምንለካበት ባለ መነጽር መሣሪያ) ተሸክሜ ደሴና ኮምቦልቻ ስመላለስ ኖሬአለሁ። አንዳንዴ ኮንትራክተሩ ይሰጠኛል፣ አንዳንዴ በቀን ሒሳብ እከራያለሁ። በቀደም እቁብ ደረሰኝ። በቃ፣ የራሴ ይኑረኝ አልኩ። አዲሱ አልተቀመሰም። ያገለገለ ልፈልግ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ኮምቦልቻ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ሱቅ። ፊት ለፊት አዲስ ግራይንደርና ድሪል ይደረደራል፣ ከኋላ ጓሮው የፕሮጀክት እቃ ይታጨቅበታል። እያንዳንዱ እቃ «ከትልቅ ፕሮጀክት የወጣ» ነው። እያንዳንዱን እቃ «አንድ ኢንጅነር ብቻ ነው የነካው»። ያ አንድ ኢንጅነር ስንት እጅ እንዳለው እንጃ። መጀመሪያ ዋጋ አይነግሩህም። መጀመሪያ ሻይ ነው የሚያዙልህ።

ማክሰኞ ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ደረስኩ። ሰውየው ቢጫ ሳጥን ከፍቶ አወጣልኝ። ሌቭሉ ያምራል። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። «32 እጥፍ ያጎላል» አለኝ። በበሩ በኩል ማዶ ያለ ማስታወቂያ ላይ አነጣጥሬ አየሁ። ፊደሉ እጅህን ዘርግተህ የምትነካው ይመስላል። ክሮስ ሄሩ (መስታወቱ ውስጥ ንባብ የሚወሰድበት የመስቀል መስመር) ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ ቀጭን። ባብሉ (ሌቭሉ ሳያጋድል መቆሙን የሚያሳየው አረፋ) ክቡ መሐል ቁጭ አለ። ጎኑ ላይ ካሊብሬሽን (የልክነት ፍተሻና ማስተካከያ) ተደርጓል የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ስቲከሩ ከሌቭሉ በጣም አዲስ ነበር። ይሄን ያኔም አይቼዋለሁ። አይቼ አለፍኩት።

አሁን ያቺን አሥር ደቂቃ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስተኛም ስነሳም የምትመላለስብኝ እሷ ናት።

«እንፈትሸው» አልኩት። አልተቆጣም፣ አላመነታም። እንዲያውም ደስ አለው። «እንዴታ! ሳትፈትሽማ አትግዛ» ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ጓሮው ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም ጫፍ ግድግዳ አለ። በሁለቱም ግድግዳ ላይ ስታፍ (ቁጥር የተጻፈበት ረጅም መለኪያ ዘንግ) የሚቆምበት የብረት አንግል ተቀብሯል። «ሁለቱን በቱቦ ውሃ ልክ ነው ያስተካከልናቸው፣ እኩል ናቸው» አለኝ። ይሄ እውነት ነበር። የሚያበግነኝም እሱ ነው፤ ሰውየው አንድም ውሸት አልተናገረም ማለት ይቻላል።

ረዳቱ፣ አንድ ቀጭን ልጅ፣ ትራይፖዱን (ሌቭሉ የሚቆምበትን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) አምጥቶ ጓሮው መሐል ላይ ተከለው። ሳይፈልግ፣ ሳይለካ፣ አንድ ጊዜ ቁጭ አደረገው። ሲሚንቶው ላይ ሦስት ጉድጓዶች ነበሩ፤ የትራይፖድ እግር ብዙ ጊዜ ሲቆምበት የሚፋቅ ዓይነት። እግሮቹ እዚያው ገቡ። እኔ ደግሞ «ወይ ጉድ፣ ሥራ የሚወድ ቤት ነው፣ ብዙ ይፈትሻሉ ማለት ነው» ብዬ አሰብኩ። በሆዴ አመሰገንኳቸው!

ልጁ ስታፉን ግራ ግድግዳው ላይ ያዘልኝ። አነበብኩ፦ 1.214። ወደ ቀኙ ሄደ። አነበብኩ፦ 1.214። ሚሊ አልተዛነፈም። ሰውየው ፊቴን ያያል፣ ፈገግ ይላል።

የሙያው ሰዎች ይሄን ስታነቡ ጭንቅላታችሁን እንደያዛችሁ አውቃለሁ። ለሌላችሁ ላስረዳ። የሌቭል እይታ መስመር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካጋደለ ስህተቱ ከርቀት ጋር ያድጋል። መሐል ላይ ከቆምክ ግን ሁለቱ ርቀት እኩል ነው። በግራ 6 ሚሊ ከዋሸህ በቀኝም 6 ሚሊ ይዋሽሃል። ሲቀናነሱ ዜሮ ነው። ስለዚህ መሐል ላይ የቆመ ሌቭል ምንም ያህል የተጣመመ ቢሆን ትክክለኛ ልዩነት ይሰጥሃል። ይሄን የተማርኩት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስታፍ ለሚይዝልኝ ልጅ እኔው ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። «ስህተትን ለመግደል መሐል ቁም» እያልኩ። ለካ ስህተትን ለመደበቅም መሐል ይቆማል።

ትዝ ሳይለኝም አልቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ትዝ ብሎኛል። «ወደ አንዱ ግድግዳ ጠጋ አድርገን ደግሞ እንየው» ብያለሁ። በዚህ አፌ። ሰውየው እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። «አብሽር ኢንጅነር! ስልኬ አለህ፣ ሱቁ የትም አይሄድ። ሚሊ ቢዛነፍብህ እኔ አለሁ አይደል?» ወዲያው ሻዩ መጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። «ከወልድያ ነው፣ ይሄንኑ ሌቭል ነው የሚጠይቀኝ፣ ቀብድ ልላክ እያለ ነው» አለኝ፣ ስልኩን በእጁ ሸፈን አድርጎ። ዞር ስል ልጁ የትራይፖዱን እግር አጥፎ ጨርሷል። «መልሰህ ትከለው» ማለት ከበደኝ። ሻዩን እየጠጣሁለት! ይሉኝታ ያዘኝ። እናም 26 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኙ ላይ «ያገለገለ ዕቃ፣ ባለበት ሁኔታ» ብሎ ጻፈበት። እሱንም አንብቤ ፈረምኩ።

በማግስቱ ደሴ፣ ጢጣ አካባቢ አንድ የመኖሪያ ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ። አዲሱን ሌቭሌን ግቢው ጥግ ላይ ተከልኩ። ቅርቡ ኮለን (የቤቱ ምሰሶ) 4 ሜትር ላይ ነው፣ ሩቁ 36 ሜትር ላይ። በሁሉም ላይ የወለል ልክ (የወለሉን ከፍታ ምልክት) አስመታሁ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ኮራሁ።

ግንበኛው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ያቺን ውሃ የሞላች ግልጽ ላስቲክ (ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ስለሚይዝ ልክ የሚወሰድባትን) ተሸክመው መጡና ከኮለን ኮለን ይዘረጓት ጀመር። ትንሽ ቆይተው «ልጄ፣ ያቺ ማዶ ያለችው ልክ ከፍ ብላለች» አሉኝ። እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መሣሪያ ነው፤ ያ ላስቲክ ነው» አልኳቸው። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

አልመለሱልኝም። «አየር ገብቶባት ይሆናል» ብለው ላስቲኳን አራገፉ፣ እንደገና ውሃ ሞሉ፣ አረፋውን በጣታቸው እየመቱ አስወጡ። ከዚያ ደግመው ዘረጓት። 13 ሚሊ። እሳቸው መጀመሪያ የጠረጠሩት የራሳቸውን እቃ ነው። እኔ 26 ሺህ ብር ስለከፈልኩ ብቻ የኔን መጠርጠር አልፈለግኩም።

ከሰዓት መንገድ ዳር ወጥቼ መሥራት የነበረብኝን ሥራ ሠራሁ። (ደሴ ላይ 60 ሜትር ደልደል ያለ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።) በ60 ሜትር ርቀት ሁለት ችካል መታሁ። መጀመሪያ መሐል ቆሜ አነበብኩ፦ አንዱ 1.432፣ ሌላው 1.287። ልዩነቱ 0.145 ሜትር። ከዚያ ከመጀመሪያው ችካል ኋላ ሦስት ሜትር ላይ ቆምኩ። ቅርቡ 1.510 አለኝ። ስለዚህ ሩቁ 1.365 ማለት ነበረበት። ያለው 1.389 ነው። 24 ሚሊ! በ60 ሜትር! አንድ ሚሊ ሁለት ሚሊ ቢሆን ዝም ይባላል። ይሄ ግን ሌቭል አይደለም፣ ባለ መስታወት ጌጥ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ተመልሼ ወረድኩ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ሰው አማኝ ነኝና። ሰውየው ወረቀቱን አልተቀበለኝም። ከካልኩሌተሩ ቀና እንኳ ሳይል «ፈትሸህ አይደል የገዛኸው?» አለኝ። «መሐል ላይ ነው የፈተሽነው» አልኩ። «ታዲያ ባለሙያው ማነው፣ እኔ ነኝ አንተ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ያ ቀጭን ልጅ «ኢንጅነር መነጽር ሳያስፈልገው አይቀርም» ብሎ ሙድ ያዘብኝ። ሁለት ደንበኞች ሳቁ። ማክሰኞ ዕለት እኮ ይሄው ልጅ ነው ሳጥኑን እስከ ታክሲ ተሸክሞ የሸኘኝ። ሰውየው ቆይቶ «ከከበደህ በ12 ሺህ እወስድልሃለሁ» አለኝ፣ ውለታ እንደሚውልልኝ። በሁለት ቀን 14 ሺህ ብር ማለት ነው። ሻይ አልታዘዘልኝም። ስወጣ በጓሮው በር በኩል አየሁ። ትራይፖዱ በሦስቱ ጉድጓዶች ላይ ቆሟል። ላዩ ላይ ሌላ ሌቭል።

ደሴ ላይ የሚጠግን ሰው ጋ ወስጄው ነበር። ከዓይን ማያው በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈተ። ክሮስ ሄሩን ከፍና ዝቅ የምታደርገዋ ብሎን አናቷ ተበልቷል። ብዙ ሰው ታግሏታል ማለት ነው። ውስጥ ያለው ኮምፔንሴተር በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ሌቭሉ ትንሽ ቢያጋድል እሱ እየተወዛወዘ እይታውን ልክ ያደርጋል። ከወደቀ ወይም መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ ከተጎዳ ግን ብሎን ማዞር አያድነውም። ዛሬ ብታስተካክለው ነገ ሌላ ቁጥር ይሰጥሃል። የኔው እንደዚያ ነው። መስታወቱ ጥርት ማለቱ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። 32 እጥፍ ቢያጎላ ስህተቱን ነው አጉልቶ የሚያሳይህ።

ሕግ የተማረ ጓደኛዬ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ እቃውን ዕድል እንዳገኘ መመርመር አለበት የሚል እንዳለ ነገረኝ። ዕድል ነበረኝ። 30 ሜትር ጓሮ ሙሉ።

ምክር ካላችሁኝ፦ ትራይፖዱን ራሳችሁ ትከሉ፣ እነሱ ከመረጡት ቦታ አንሱት፣ ግድግዳው ሥር ወስዳችሁ ደግማችሁ አንብቡ። እያያችሁ ከጎኑ በጣታችሁ መታ አድርጉት፤ ምስሉ ተወዛውዞ ወደዚያው ንባብ ካልተመለሰ ተዉት። ሻዩን ከፈለጋችሁ በኋላ ጠጡት።

ቅዳሜ ጢጣ እመለሳለሁ። የመታሁትን ልክ ሁሉ አጥፍቼ እንደገና ልመታ ነው፣ ያለ ክፍያ። ሌቭሉ አልጋዬ ሥር ነው። ግንበኛውን ላስቲካቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «እሺ፣ ግን መሣሪያ ናት፣ ተጠንቀቅላት» አሉኝ።