ማርቆስ ላሉ አንድ ጋሼ ምስጋና፣ የኮምፖዚት ድልድይ ሞዴል ለሚያስጨንቃችሁም ጥቆማ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። "ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ" ስል ሁለት ሳምንት አለፈ። መብራት ሳይጠፋ ልጨርሰው።

ደብረ ማርቆስ የስትራክቸር ሞዴል (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የድልድይና የሕንፃ ጭነት ስሌት) የሚመረምሩ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ "ፌስቡክ ላይ ስሜን ባየው እንጣላለን" ብለውኛል። ሥራ ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 24 ሜትር የሆነች የገጠር ድልድይ ደረሰችኝ። አራት የብረት ጊርደር (ዋና ተሸካሚ ብረት) በ2.4 ሜትር ርቀት፣ ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ስላብ፣ ሁለቱን የሚያያይዙ ሺር ስተዶች (ብረቱ ላይ የተበየዱ ችንካሮች)። የኮንክሪት ድልድይ ሠርቼ አውቃለሁ፤ ኮምፖዚት (ብረትና ኮንክሪት ተያይዘው እንደ አንድ የሚሸከሙበት) ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሞዴሉን አስቀድሜ ለአንድ ልጅ ከፍዬ አሠራሁት። የመጣልኝ ቀይና ሰማያዊ ያማረ ሥዕል ነው፤ ቁጥሩን ስጠይቀው ስልክ ማንሳት ተወ። እሱን ተዉት። ራሴ ሳፕ 2000 የሚባለው የስሌት ሶፍትዌር ላይ ቁጭ ብዬ ሠራሁትና በኤችኤል-93 (ለዲዛይን በሚያዘው የተሽከርካሪ ጭነት) 46 ሚሊ ሜትር ጎበጠብኝ። የያዝነው ገደብ የስፓኑ አንድ ስምንት መቶኛ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ጊርደሩን ላወፍረው ስል ነው ባልደረባዬ ወደ ጋሼ የላከኝ።

ላፕቶፔን ከፈትኩላቸው፣ ዞር ብለውም አላዩት። "እርጥቡ ኮንክሪት አንዱ ጊርደር ላይ ስንት ሞመንት ያመጣል?" አሉኝ፤ ሞመንት ማለት የሚያጎብጠው ጉልበት ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ልፈልግ ስል "ተይው" ብለው ከጠረጴዛው ላይ የነዳጅ ደረሰኜን አነሡና ጀርባው ላይ ጻፉ፦ 2.4 ሲባዛ በ0.2 ሲባዛ በ25፣ 12 ኪሎ ኒውተን በሜትር። 12 ሲባዛ በ24 ስኩዌር፣ ለ8 ሲካፈል፣ 864 ኪሎ ኒውተን ሜትር። "ይችን ቁጥር ያዣት። ሞዴሉ ይችን ካልመለሰልሽ እየዋሸሽ ነው።"

ቀጥሎ የጊርደሩን ኢንሰርሽን ፖይንት (ሞዴሉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ከፍታ የሚወስነውን ገጽ) አስከፈቱኝ። ጊርደሩን ከስላቡ ሥር አውርጄዋለሁ፣ ሲታይም ልክ ነው። ለካ ከታች "ስቲፍነሱን (ግትርነቱን) አታዛውር" የምትለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ! "ለዓይን አወረድሽው እንጂ በሒሳቡ ሁለቱም አንድ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እንዳልተያያዙ ሆነው ነው የሚጎብጡት" አሉኝ። ምልክቷን አነሣናት። 46ቱ 19 ሆነ። በአንዲት ሳጥን ስንት ቶን ብረት ልጨምር ነበር!

ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል "ቁጭ በይ፣ 864ን ፈልጊያት" አሉኝ። የጊርደሩ ሞመንት 336 ይላል። ግማሹም የለ። ላቤ መጣ። ሳቁብኝ። ከዚያ የጊርደሩን አክሲያል ኃይል (በርዝመቱ የሚስበውን) አስነበቡኝ፤ 794 ኪሎ ኒውተን። በጊርደሩና በስላቡ ማዕከል መካከል ባለው 0.65 ሜትር ሲባዛ 516። ስላቡ ለራሱ የያዘው 12። ደምሩት፣ 864። የጊርደሩን ሞመንት ብቻ አንብቦ ብረት የሚመርጥ ሰው ምን ላይ እንደሚወድቅ አስቡት። ከዚያ ወዲህ ሴክሽን ከት (የጊርደሩንና የስላቡን ኃይል አንድ ላይ ደምሮ ማንበብ) ሳላደርግ ምንም አልጽፍም።

አሁንም አልለቀቁኝም። "ሲፈስ ስላብ ነው ጭቃ?" ጭቃ ነው ጋሼ። ከሥር ፑንቴሎ ካልቆመለት ብረቱ ብቻውን ነው የሚሸከመው፤ የታችኛው ፍላንጅ (የጊርደሩ የታች ክንፍ) ውጥረት 60 ሜጋ ፓስካል ሲል የነበረው 86 ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ግንባታውን በየደረጃው አስገባነው፤ መጀመሪያ ብረቱ ብቻ፣ ቀጥሎ ስላቡ እንደ ጭነት፣ ሲጠነክር እንደ አካል። ለተሽከርካሪው ጭነት የብረቱንና የኮንክሪቱን የኢላስቲሲቲ ሬሾ 8 ያዝን (200 ለ25 ጊጋ ፓስካል)። ለአስፋልቱና ለጠርዝ መከላከያው ግን ኮንክሪቱ ዘላቂ ጭነት ሲበዛበት በክሪፕ (በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ በመለወጥ) ስለሚለግም በሦስት አባዝተን 24።

መጨረሻ ላይ "ደጀን ቁልቁል የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ተዘርግቶልሽ በ24 ሜትር ትርበተበቻለሽ?" ብለው ቀለዱብኝ። እሱ ፕሪስትረስድ (በተወጠረ የብረት ገመድ የተጠናከረ) ኮንክሪት ነው፣ ከእኔዋ ይለያል ብዬ ልከራከር ፈልጌ አፈርኩ።

ደካማ ጎናቸውንም ልንገራችሁ። ለነገ ርክክብ ያለበት ሰው አይሂድ፤ አይቸኩሉም። ድሮዊንግ አይሠሩም። ፋይል በቴሌግራም ብትልኩላቸው አይከፍቱትም፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ነው የሚያዩላችሁ። ዋጋቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከነገሩት በላይ አልጠየቁኝም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍል ሳስረክብ ልጅቷ ገልብጣ አይታ "864 ብር የምን ነው?" ብላ አፋጥጣኛለች።