ዋርፋሪን ወይስ ሪቫሮክሳባን? ልባቸው ያለ ሥርዓት ለሚመታ የሐዋሳ ታካሚዎች

ሁለቱም መድኃኒቶች የልብ ምቱን አያስተካክሉም፤ ልብ ውስጥ ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ ነው የሚሰጡት።

ዋርፋሪን ርካሽ ነው፤ ጣጣው ክትትሉ ላይ ነው። ደም ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየው፣ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከቆጮ ጋር የሚቀርበው ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ መድኃኒቱን ያዳክማል። ጎመን መተው ግን አያስፈልግም፤ መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አለመለዋወጥ ይበቃል። ይበልጥ የሚያስፈራው ለአሜባ ተብሎ የሚዋጠው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ሪቫሮክሳባን ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ ነው። በባዶ ሆድ በደንብ ስለማይመጠጥ ጾመኛም ቢሆን ከእራት ጋር ይዋጠው። ጎመን አይነካውም። ዋጋው ግን ይከብዳል፤ ኪስ ሳስቶ አንድ ቀን ከተዘለለ መከላከያው ይጠፋል። ኩላሊት ከደከመ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል።

የልብን በሮች (ቫልቮች) በሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ ክፉኛ ለጠበበበት ወይም የብረት ቫልቭ ለገባለት ሰው ምርጫ የለም፤ ዋርፋሪን ነው።